እናቴ «ልጄ ሞቷል» ብላ ያለቀሰችበት እሑድ

ይህ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ፌስቡክ የሚሉት ነገር ደሴ ገብቶ የሰፈራችንን ጎረምሳ ሁሉ አንገቱን ያስደፋበት ጊዜ ነበር። እስካሁን ያልረሳሁት ስላስደነገጠኝ ብቻ አይደለም፤ ስላናደደኝም ነው። ይኸው ስጽፈውም እየተናደድኩ ነው።

ያኔ እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ተቀምጫለሁ። እናታችን ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። አባታችን ልብስ ሰፊ ነው። ታናሽ ወንድሜ ኢብራሂም ዘጠነኛ ክፍል ነበር። እማ «ፊታችሁን እያየሁ ላውራችሁ» ብላ ተች ስልክ ልካልን፣ አርብ አርብ በኢሞ እንተያያለን።

ችግሩ ስልኩ ለአርብ ብቻ አልሆነም። ኢብሬ ሲበላ ስልክ፣ ሽንት ቤት ስልክ፣ ሲተኛም ስልክ። ብትጠራው አይሰማም። «ውሃ ቅዳ» ስለው «እሺ» ይላል፣ ጀሪካኑ እዚያው እንደተገተረ ይመሻል። በመጨረሻ ከትምህርት ቤት እየቀረ ወላጅ አምጣ ተባለ።

አባ የሚያውቀው ቁጥጥር አንድ ብቻ ነው፤ መንጠቅ። ቻርጀሩን ነጠቀው፣ ልጁ ከጓደኛው ተዋሰ። ባትሪውን የስፌት ማሽኑ መሳቢያ ውስጥ ደበቀ፣ ልጁ አገኘው። ምን ታያለህ፣ ከማን ጋር ታወራለህ ብሎ ግን አንድ ቀን ጠይቆት አያውቅም። ትምህርት ቤት ተጠርቶ ሄዶ አንገቱን ደፍቶ ከተመለሰ በኋላ ስልኩን ገበያ ወስዶ ሸጠና መብራት ያላት ትንሽዬ በተን ስልክ ይዞ መጣ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ኢንተርኔት ከቤቴ ወጣ» አለ።

«እማስ በምን ታየናለች?» አልኩት።

«ድምፅ ይበቃታል።»

ይህ አልበቃ ብሎት በሰፈሩ ያሉትን ኢንተርኔት ቤቶች እየዞረ ልጁን እንዳያስገቡት ለመነ። ልጁ ተወ? አልተወም። ኮምቦልቻ መውረድ ጀመረ።

እማ በኢሞ ብትሞክር ብትሞክር አጣችን። አንድ እሑድ በአባ ስልክ ደወለች። «ኢብራሂምን አገናኘኝ» ስትለው አጠገቡ ነበርኩ። አባ የላከችውን ስልክ ሸጥኩት ለማለት አፈረና «ትምህርት ቤት ነው» አላት።

በእሑድ!

እማ ስልኩን ዘጋችው።

መቼም እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ውጭ አገር ላለ ዘመድ ቶሎ አይነገርም። መርዶው በወግ እስኪነገር ድረስ የጠየቀውን ሁሉ «ደህና ናቸው» ማለት ነው። የእማ አባት የሞቱ ጊዜም «ትንሽ አሟቸው ነው» እያልን ያቆየናት እኛው ነን። ታዲያ አሁን ምን ታስብ?

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ ስልካቸውን እንደያዙ እየሮጡ መጡ። «ዘይኔ፣ እናትሽ መሬት ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ነው አሉ! የሪያድ ጓደኛዋ ደውላልኝ ነው። ኢብራሂም ሞቷል፣ አገሬ እገባለሁ ብላ ልብሷን እየሸከፈች ነው።»

«እርስዎ ምን አሉ?»

«ምን እላለሁ? ሁሉም ደህና ናቸው አልኳ!»

«ያ አላህ! እትዬ፣ ሰው ሲሞት የሚባለው እኮ እሱ ነው!»

ኮንትራቷን አቋርጣ ከመጣች የሠራችበት ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ ቤታችን የቆመው ደግሞ በእሷ ነው። ሚኒባስ ተሳፍሬ በሐረጎ ተራራ ቁልቁል ወረድኩ። ኮምቦልቻ ስደርስ በየኢንተርኔት ቤቱ አንገቴን እያስገባሁ ፈለግሁት። አንዱ ጋ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ ብቻውን ይስቃል። ማዳመጫውን ነጥቄ ጣልኩት።

«አንተ፣ ሞተሃል እኮ!»

«ማን ነው የሞተው?»

«አንተ ነህ! እናትህ እያለቀሰችልህ ነው!»

ነገሩን ስነግረው በፌስቡክ «እማ እኔ ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ጻፈላት። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «በልጄ ስም የምትጽፍልኝ አንተ ማነህ?»

ኢብሬ ማንም ሳይነጥቀው ዓይኑን ከስክሪን ሲያነሳ ያየሁት ያን ቀን ነው። ፊቱን እንዳያሳያት ኮምፒውተሩ ደግሞ ካሜራ የለውም።

አጠገቡ ጥቁር አባያ የለበሰች ሴት ተቀምጣ ነበር። ጩኸቴን ሰምታ ስልኳን ዘረጋችልኝ። «አብሽሪ እህቴ። እኔም ጅዳ ነበርኩ፤ እናቴ የሞተች ጊዜ እንዲህ ነው የሸወዱኝ። ፊቱን ካላየች አታምንሽም።»

የእማ ቁጥር ለካ ኢብሬ በቃሉ ይዞታል። በሴትየዋ ኢሞ ደወልን። እማ ፊቷ አብጦ ብቅ አለች።

«ፀጉርህን ወደ ላይ አድርግ» አለችው። ግንባሩ ላይ የልጅነት ጠባሳ አለው። ሲያሳያት ጮኸች፣ አለቀሰች፣ ሰደበችው፣ መረቀችው፤ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ። ከዚያ ስልኩ የት እንደደረሰ ጠየቀች። ነገርናት። «አባታችሁን ፊቱን እያየሁ ላናግረው። በድምፅ አላምነውም» አለች።

ሴትየዋ «እኔም ወደ ደሴ ነኝ፣ ተነሱ» ብላን አብራን ወጣች።

አባ ሱቁ ውስጥ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ቁጭ ብሏል። በሴትየዋ ስልክ ለእማ ደውዬ ስሰጠው ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«ጆሮህን ነው የማየው» አለች እማ። «ፊትህን አምጣ።»

አመጣ።

«እኔ ከሪያድ ሆኜ አርብ አርብ ልጄን አየው ነበር። አንተ አንድ ቤት እያደርክ ዛሬ የት እንደዋለ አታውቅም።»

ሴትየዋ ስልኳን ተቀብላ ሄደች፤ በድንጋጤ ስሟን እንኳ አልጠየቅናትም።

ሌላ ተች ስልክ ገዛን። አሁን የሚቀመጠው አባ ስፌት ማሽን ላይ ነው፤ ኢብሬ የሚነካውም እዚያው ቁጭ ብሎ ነው። አባ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «ይሄ ደግሞ ማን ነው?» ይላል። ቁጥጥር ይሉታል ይሄ ነው፤ ለዚህ ግን እናቴ ልጇ በቁሙ እያለ ሐዘን መቀመጥ ነበረባት? ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ኢብሬ ድኗል ብዬ አልዋሽም። አሁንም አንገቱን ሲደፋ ብትጠራው አይሰማም። ሲበቃኝ «አንተ፣ ሞተሃል እኮ!» እለዋለሁ።

ያኔ ብቻ ቀና ይላል።