ቆቋ ምን አይታ ነው?

አቶ ፈዬራ ዱጋሳን በደንብ አውቃቸዋለሁ ማለት አልችልም። የካ ውስጥ አጥራችን የተያያዘ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሰላምታ ተለዋውጠናል፤ ከዚያ አላለፍንም። ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን አይቀርም፤ ሰው ፊት አፌ ይተሳሰራል። ይህን ታሪክ የነገሩኝ ባለፈው ክረምት ዝናብ ቤታቸው በረንዳ ላይ ሲያቆየኝ ነው።

የሚሠሩት ፎቶ ቤት ነበር። ከኋላ ጨለማው ክፍል ተቀምጠው የሰው ፊት ያሳምራሉ፤ በሹል እርሳስና በምላጭ ጫፍ ኔጋቲቩን እየነካኩ ጠባሳ ያጠፋሉ። እሁድ እሁድ የባለቤቱን የአቶ ዘነበን ረጅም ሌንስ ተውሰው ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በላይ ይወጣሉ፤ ቆቅ ሊያነሱ። ቆቅ ሰው ካየች አትቆምም። ስለዚህ አርባ እርምጃ ያህል ርቀው፣ በባሕር ዛፍ ቅርፊት ቀቅለው አፈር ያስመሰሉትን ጋቢ ተከናንበው በደረታቸው ይተኛሉ። ጋቢውን የፈተሉት ሚስታቸው ወይዘሮ ዲንቄ ስለነበሩ፣ ለወፍ ሲባል ተበላሸብኝ እያሉ ዓመት ሙሉ አማርረዋል።

የ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ካለፈ ሁለተኛው እሁድ ነበር። ያመለጡ የክብር ዘበኛ ወታደሮች በየጫካው ይፈለጋሉ። ወይዘሮ ዲንቄ አትሂድ ብለው ነበር፤ አቶ ዘነበ ግን ለገና የፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ይፈልጉ ስለነበር አቶ ፈዬራ ወጡ። ሦስት ሰዓት ተኙ። በመጨረሻ አንዲት ቆቅ ወጣች፤ ሁለት ሦስቴ ጫረች፤ ድንገት ቀጥ ብላ አንገቷን ወደ ኋላ አዞረች። አነሷት። ብርር ብላ ሄደች።

ሰኞ የፎቶውን ወረቀት ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ከተቱ። በቀይዋ መብራት መጀመሪያ ቆቋ ብቅ አለች። ቀጥሎ ቅጠሉ። ከቅጠሉ መሀል ደግሞ አንድ ፊት፤ ጢሙ ያደገ፣ የካፖርቱ ቁልፎች የሚያበሩ፣ ዓይኑ ቀጥታ ሌንሱ ላይ ያረፈ።

ሰውየው ሦስቱን ሰዓት ሙሉ ሲያያቸው ነበር።

ከመጋረጃው ወዲያ አንድ የፖሊስ ሃምሳ አለቃ ድምፅ ይሰማል፤ በዚያ ሰሞን የሚፈለጉ ሰዎችን ፎቶ ሊያስባዛ ይመላለስ ነበር። ቢያሳዩት ሰውየው ይሞታል። ደብቀው ቢያዙ እሳቸው አለቀላቸው። እርጥቡን ወረቀት ቀዳደው ኪሳቸው ከተቱና ምላጭ አነሱ። ኔጋቲቭ ላይ የተፋቀ ቦታ ወረቀት ላይ ይጠቁራል። ስንቱን ሙሽራ ባሳመሩበት እጅ ፊቱን፣ ጢሙን፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፋቁ። እንደገና ሲያትሙት ከቆቋ ኋላ ጥላ ብቻ ቀረ።

ፎቶው በተሰቀለ ማግስት ሃምሳ አለቃው ፊቱ ቆሞ ብዙ አየው።

"ይቺ ቆቅ ምን አይታ ነው የዞረችው?"

"ፈዬራን ነዋ" አሉ አቶ ዘነበ፤ "እሱን አይቶ የማይደነግጥ ማን አለ?"

"ፈዬራማ ከፊቷ ነው የነበረው" አለ ሃምሳ አለቃው፣ ሳይስቅ።

አቶ ፈዬራ ቀበሮ ይሆናል አሉ። ቦታውን ሲጠየቁ ሱሉልታ በኩል ነው ብለው ዋሹ። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር የሚይዛቸው ላብ እስካሁን እንዳልለቀቃቸው ነገሩኝ።

እኔ ግን የማስታውሰው ነገር ነበር። በዚያው ዓመት ለገና ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ የወይዘሮ ዲንቄን ድምፅ በአጥሩ በኩል ሰምቻለሁ፤ "በዚህ ብርድ ሰው ጋቢውን ጥሎ ይመጣል?" ይሉ ነበር። ልጠይቅ ወይስ ልተው እያልኩ ብዙ ቆየሁ።

"በሚቀጥለው እሁድ ተመልሰው እዚያው ወጥተው ነበር እንዴ?" አልኳቸው በመጨረሻ። "ጋቢውስ?"

አቶ ፈዬራ ወደ ደጅ አዩ።

"አባርቷል፤ ቤትህ ግባ" አሉኝ።

ዝናቡ ገና እየወረደ ነበር።