በማዳበሪያ ክር ጎጆ የምትሠራው ወፍ

ዛሬ ጠዋት በረንዳዬ ላይ አንዲት ወፍ እግሯ በማዳበሪያ ክር ተጠልፎ ቁልቁል ተንጠልጥላ አገኘኋት።

ለፀሐይ መከለያ የወጠርኩትን ማዳበሪያ የምትተለትለው የጎረቤቴ የእትዬ ዘይነባ ድመት ትመስለኝ ነበር። ስንት ቀን ተነጫነጭኩባት! (ይቅርታ ብላትም ዞራ አላየችኝም።)

እትዬ ዘይነባ ወፏን በሻርፓቸው ያዙልኝ፤ እኔ ክሩን በመቀስ ቆረጥኩ፤ በረረች።

ቀና ስንል ዲሹ ላይ የጀመረችው ጎጆ በሙሉ ክር ነው። የሳር ሰበዝ የሚባል የለበትም።

«ይሄ ሰፈራችን ቱሉ ዲምቱ ሁሉ ሳር ነበር እኮ፤ ኮንዶሚኒየም ሠራንበት። ታዲያ በምን ትሥራ?» አሉኝ።

ደግሞ እንዳትታነቅ ብዬ ማዳበሪያውን አወረድኩት።

ከታክሲ ሰልፍ ተርፌ ስመለስ ወፏ ማዳበሪያው ተወጥሮበት የነበረው ባዶ ሽቦ ላይ ቆማለች። ማዳበሪያውን መልሼ ልስቀልላት? ልተወው? እንጃ፣ ደክሞኛል።

እናንተ ሰፈር ያሉት ወፎች በምን እየሠሩ ነው?