ከካሴቱ ጋር ያልገጠመው ደወል

ስለ ዘፈን ጽፌ አላውቅም ነበር። እኔ የፍርድ ቤት፣ የድርቅ፣ የመንገድ አደጋና የስብሰባ ዘጋቢ ነኝ። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለ አንድ የሙዚቃ አሳታሚ ደውሎ፣ በሰባዎቹ መጨረሻ ደባርቅ ላይ የተቀዳውን ካሴት በሸክላ ሊያወጣው መሆኑን ሲነግረኝና ከሽፋኑ ጋር የሚታተም ጽሑፍ ሲጠይቀኝ፣ ሰው ተሳስቶ የደወለ መስሎኝ ነበር። አልተሳሳተም። የደባርቅ ልጅ መሆኔን ያውቃል፤ የፈለገውም ዘፈን አዋቂ ሳይሆን ሰው ፈልጎ የሚያገኝ ነበር።

ካሴቱን የዚያ ዘመን የአገራችን ወጣት ሁሉ ያውቀዋል። ሽፋኑ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገ ዋልያ ተስሎበታል። የዘፋኟ ስም የለበትም፤ የአውራጃው የኪነት ቡድን ብቻ ነው የሚለው። ቡድኑ የተቋቋመው ስለ ዛፍ ተከላና ስለ መሠረተ ትምህርት እንዲዘፍን ነበር፤ ኦርጋንና የከበሮ ማሽን ሲደርሰው ግን ትከሻ የሚያስረሳ ነገር ሠራ። ፈጣን ነው። የሴቲቱ ድምፅ ቀጭን፣ እንደ ወፍ የሚንጫጫ ነው። ወደ ሽሬ የሚያልፉ ሹፌሮች ሊማሊሞን እስኪወርዱ ድረስ ይዘጉትና ዛሪማ ሲደርሱ ይከፍቱት ነበር ይባላል፤ ነዳጅ ላይ ያለውን እግር ያከብዳል ብለው። ይህን ያረጋገጠልኝ አንድ ሹፌር ብቻ ስለሆነ፣ ይባላል ብዬ አልፈዋለሁ።

ዛሬ ካሴቱን የሚያሳድዱት ውጭ አገር ያሉ የጭፈራ ቤት አጫዋቾች ናቸው። አሳታሚው እንደነገረኝ የሚወዱለት ፍጥነቱን፣ የድምፁን ቅጥነትና አራተኛው ዘፈን ሊያልቅ ሲል ከሩቅ የሚሰማውን አንድ ደወል ነው። ደወሉን ከኦርጋኑ የወጣ ድምፅ አድርገው ይቆጥሩታል። እኔ ግን አውቀዋለሁ። ዘፈኑ ከተቀዳበት አዳራሽ በላይ በኩል ያለው የቤተ ክርስቲያን ደወል ነው፤ ሲቀዱ ገባባቸው፣ ተዉት።

ዘፋኟን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ደባርቅ የጠየቅኋቸው ሁሉ ወደ ዳባት ጠቆሙኝ። ዛሬ ስልሳ ዓመት ግድም የሆናቸው የእህል ነጋዴ ናቸው። መጋዘናቸው በር ላይ ገብስ ሲያስመዝኑ አገኘኋቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ዓይናቸውን ከሚዛኑ ሳያነሱ፣ «አሁን ነው ትዝ ያልኳችሁ?» አሉኝ።

ከሁለተኛው ዘፈን አንድ ግጥም እንዲያንጎራጉሩልኝ ለመንኳቸውና በስልኬ ቀዳሁ። ወፈር ያለ፣ ከደረት የሚወጣ ድምፅ ነው ያላቸው። ለአሳታሚው ላክሁለት። መልሱ አጭር ነበር። ዕድሜ ድምፅ ያወፍራል፣ ይህን ያህል ግን አያወፍርም፤ እኚህ ሴት ሌላ ሰው ናቸው አለ። ሌላ ማስረጃ ካላመጣሁ «ዘፋኟ ያልታወቀች» ብሎ ሊያትመው ወስኗል። አልተቆጣሁበትም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር።

ይህን በስልክ መንገር ስላልወደድኩ ተመልሼ ዳባት ሄድኩ። ሴትዮዋ አልደነገጡም። በር ላይ ያሉትን ጫኞች ሻይ ጠጡ ብለው ካሰናበቱ በኋላ፣ ለማንም አላወራሁትም ያሉትን ነገሩኝ። ካሴቱ እንደወጣ እዚያው ዳባት ሰርግ ተጠርተው ዘፍነው ነበር። ጥቂት እንደዘፈኑ ጭፈራው ቀዘቀዘ። የሙሽራው አክስት ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ይህችማ ታጉረመርማለች፣ ያችን ወፏን አምጡልን አሉ። ዳሱ ሳቀ። ሌላ ሰርግ ላይም ይኸው ሲደገም ዘፈን ተዉና ከአባታቸው ጋር እህል ንግድ ገቡ። ካሴቱን ያባዙት የጎንደር ሰዎች የሌላ ልጅ ድምፅ ደርበውበት ይሆናል ብለው ይጠረጥሩ ነበር።

«ድምፁ የእኔ አይመስለኝም» አሉኝ። «ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ ግን የእኔ ነው። አንተ ልጅ፣ ሥራህ ማጣራት አይደል? እኔ ከሆንኩ አንቺ ነሽ በለኝ። ካልሆንኩም አይደለሽም በለኝ። ሁለቱንም እችለዋለሁ።»

እንዲህ ቀላል ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው ጥቂት ነው። ከኪነት ቡድኑ ደባርቅ የቀሩት ኦርጋን ተጫዋቹ ብቻ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር። ሁሉንም ዘፈን የዘፈነችው እሷ ናት ብለው ማሉልኝ። አመንኳቸው፤ ግን የዘፋኟ ወዳጅ ናቸው፣ በእኛ ሙያ ደግሞ የወዳጅ ቃል ብቻውን አይታተምም። ድምፅ ከድምፅ እንዳላስተያይ የሴትዮዋ ድምፅ አርጅቷል። ኦርጋኑን እንዳልጠቀም፣ ተሽጦ የት እንደደረሰ አይታወቅም። አዳራሹ ራሱ የማዳበሪያ መጋዘን ሆኗል።

የአዳራሹን ሁኔታ ለመጻፍ አንድ የበዓል ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ነበር። በአንድ ጆሮዬ ካሴቱን በማዳመጫ እሰማለሁ። አራተኛው ዘፈን ሊያልቅ ሲልና ደወሉ ሲሰማ፣ ወዲያው ከላይ የቅዳሴው ደወል ተደወለ። አንዱ በጆሮዬ፣ አንዱ በአየር። አልገጠሙም። የካሴቱ ቀጠን ያለ ነው፣ ቶሎም ይሞታል። የላዩ ወፍራም ነው፤ ጋራውን ዞሮ እስኪመለስ ያስተጋባል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ደወሉን ነው። ቅዳሴ ሲወጣ የደብሩን አስተዳዳሪ ጠብቄ፣ «አባቴ፣ ይህ ደወል ተቀይሮ ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ካህኑ ለምን እንደምጠይቅ እንዳስረዳቸው ፈለጉ፤ አስረዳሁ። ጥቂት አሰቡና፣

«ደወሉ ከእኔ በፊት የነበረ ነው፤ ተሰንጥቆም ተቀይሮም አያውቅም» አሉኝ። «ካሴቱን ብትጠይቀው ነው የሚሻልህ።»

መስቀል ተሳልሜ ቁልቁል ስወርድ ነገሩ ተከሠተልኝ። ደወሉ ካልተለወጠ የተለወጠው ካሴቱ ነው። ደወሉ የቀጠነው በቴፑ ላይ ከሆነ፣ አብራው የተቀዳችው ሴትም ቀጥናለች ማለት ነው። በቀጥታ መምህሩ ቤት ሄድኩ። ማን እንደዘፈነ ሳይሆን፣ በምን ኃይል እንደቀዱ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። ያኔ ደባርቅ መብራት ስለማይታመን ጄኔሬተር ከወፍጮ ቤት ተውሰው፣ ጩኸቱ እንዳይቀዳ ከአዳራሹ ኋላ ጉድጓድ ቆፍረው ቀብረውት ነበር፤ ላዩን ገለባ አልብሰው። ሞንታርቦው ሲከፈት ታዲያ አምፖሉ እንደ ጧፍ ይቀላ ነበር። መቅጃውም የተሰካው እዚያው ላይ ነው። አምፖሉን ሁሉም አይቷል፤ ስለ ቴፑ ያሰበ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጄኔሬተሩ ሲደክም የመቅጃው ሞተር አዘገመ፤ ቴፑም ቀስ እያለ ተጠቀለለ። ያንኑ ቴፕ ጎንደር ወስደው በሙሉ ኃይል ሲያጫውቱት ሁሉ ነገር ፈጠነ፤ ከበሮው፣ ኦርጋኑ፣ ደወሉ፣ ሴቲቱም። ሌላ ልጅ አልነበረችም።

በሚቀጥለው ቅዳሴ ደወሉን በስልኬ ቀዳሁ። ተቋርጦ የነበረው ኔትወርክ የተመለሰ ዕለት ለአሳታሚው ላክሁና፣ እኔን አትመነኝ አልኩት፤ የዘፈኑ ደወል ከዚህኛው ጋር እስኪገጥም አዘግየውና ከዚያ ሴቲቱን ስማት። እንደሰማው ደወለ። «እሳቸው ናቸው» አለ።

የተስተካከለውን ቅጂ ይዤ ዳባት ስደርስ የገበያ ቀን ነበር። ሴትዮዋ ስልኬን ጆንያ ላይ አስቀምጠው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጥለው ሰሙት። ገብስ ይዘው የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ተራቸውን እየጠበቁ ይሰሙ ነበርና፣ ይህች ደግ ድምፅ ያላት ማን ናት አሉ። ሴትዮዋ ዘፈኑ ሲያልቅ ተነሡ፣ ሚዛኑን አስተካከሉ፣ ከዚያ «እኔ ነኝ፣ አባ» አሏቸው። ሰውየው ቀና ብለው አዩዋቸውና ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተጠራጠሩም።

አንድ ክርክር ቀርቶ ነበር። አሳታሚው ስማቸውን ሊያትም ተስማማ፤ ዘፈኑን ግን በፈጣኑ ማውጣት ፈለገ። ገዢው የሚያውቀው ያንን ነው፣ በዘገምተኛው ማንም አይጨፍርም አለ። ስልኩን ለሴትዮዋ ሰጠኋቸው። እንደ እህል ዋጋ ነው የተነጋገሩት፣ ድምፃቸው ከፍ ሳይል።

«ልጄ፣ እኛ አዳራሹ ውስጥ የጨፈርነው በዚህ በዝግታው ነው» አሉት። «ከበሮ ማሽኑን ሲያስተካክሉት በእኛ ትከሻ ለክተው ነው። ይጨፍሩበታል።»

ሸክላው በትክክለኛው ፍጥነት ወጣ። ዋልያው ከነመነጽሩ አለ፤ ከሥሩ የእሳቸው ስም አለ። የእኔ ጽሑፍ ውስጥ የጄኔሬተሩም፣ የደወሉም ነገር ተጽፏል።

ከፋሲካ በኋላ ዳባት ጎረቤታቸው ልጁን ሲድር እኔም ተጠራሁ። ሸክላ ማጫወቻ አገሩ ላይ ስለሌለ ዲጄው ዘፈኑን ከስልኩ ከፈተ። አዛውንቶቹ ቀድመው ተነሡ። ከወጣቶቹ መሀል አንድ ክራቫት ያሰረ ልጅ፣ ዲጄ፣ ባትሪህ አልቋል እንዴ ብሎ ጮኸና ዳሱ ሳቀ። እኔ ሳቁን ሰምቼ ሴትዮዋን ፈለግኋቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው እየተነሡ ነበር። ሳይቸኩሉ ሞንታርቦው ድረስ ሄዱ፣ ማይኩን ከዲጄው እጅ ተቀበሉ፣ ወደ ስልኩ ጠቆሙ።

«ዝጋው» አሉ። «እኔ አለሁ።»

የቀጠሉት ዘፈኑ ከቆመበት ነው፤ በዚያው ፍጥነት፣ በዚያው ወፍራም ድምፅ፣ የሚያጅባቸው ጭብጨባ ብቻ ሆኖ። ባትሪው አለቀ ያለው ልጅ ሦስተኛው ግጥም ላይ ክራቫቱን ፈትቶ መሀል ገብቶ ነበር። ይህኛውን ይባላል አልልም፤ ቆሜ አይቻለሁ።