የጭሮው ውሃ ከፋች ደገፋ

ደገፋን በእኛ ሰፈር፣ በጭሮ ዳገቱ ላይ፣ በስሙ የሚጠራው የለም። አባ ቢሻኒ ነው የሚባለው፤ የውሃ አባት ማለት ነው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የከተማውን ቧንቧ ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሯል፣ በጊዜያዊ ሠራተኛነት። ሃያ አራት ዓመት «ጊዜያዊ»! በዚህ ዕድሜ ሰው ወልዶ ይድራል። እሱ ግን የቋሚነት ደብዳቤውን ሲጠብቅ ፀጉሩ ሸበተ።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ግን የታችኛው ሰፈር ቀድሞ ከተከፈተ ውሃው ቁልቁል ይነጉድና ዳገቱ ጠብታ አያገኝም። ስለዚህ ደገፋ ማለዳ መጀመሪያ የእኛን ይከፍታል። ጫፍ ላይ ያለችው ጎረቤታችን ሞሚና ከአጥሯ ሆና «ደርሷል!» ስትለው ወደ ታችኛው ይወርዳል። እሷ ጋ ከደረሰ ሁላችንም ጋ ደርሷል።

በ2009 ዓ.ም. «ስማርት ከተማ» የሚሉት መጣልን። ታብሌት የያዙ ባለሙያዎች ደገፋን ሦስት ቀን አስከትለው ዞሩ። የዋህ! እድገት ሊሰጡኝ ነው ብሎ፣ ቸርች የሚሄድበትን ኮት ለብሶ፣ አርባ አንዱንም የቧንቧ መክፈቻ አሳያቸው። የት የት እንዳሉ ጠየቁት። የቱ እንደሚቀድም ግን የጠየቀው የለም፤ የተማረ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል! ከዚያ በየመክፈቻው በኮምፒውተር የሚታዘዝ መሣሪያ ገጠሙና ለደገፋ ደብዳቤ ሰጡት። የምስጋና ደብዳቤ ነው፤ ከእንግዲህ አታስፈልግም ይላል።

ኮምፒውተሩ ፍትሐዊ ነው አሉን፤ ሁሉንም ሰፈር በአንድ ጊዜ ይከፍታል። ውሃው መቼ ስብሰባ ተቀምጦ ፍትሕ ተማረ? ቁልቁል ወረደ። እኛ አሥራ አንድ ቀን ደረቅን። ሞሚና ባዶ ጀሪካን ይዛ የውሃው ኃላፊ አቶ እንዳሻው ቢሮ ገባች። እሱም ግድግዳው ላይ ያለውን ስክሪን አሳያት፤ ሰፈራችን ላይ አረንጓዴ መብራት በርቷል። መብራቱ የሚናገረው መክፈቻው መከፈቱን እንጂ ውሃ መድረሱን አይደለም፤ ይህን ለኃላፊው የነገረው የለም።

«እናቴ፣ ሲስተሙ ደርሷል ይላል» አላት።

«ወላሂ፣ እንግዲያው ከሱ ቅዳልኝ!» ብላ ጀሪካኑን ጠረጴዛው ላይ ደነቀረችው።

በዚህ መሃል ከበደሳ፣ ከሂርናና ከመሰላ ከተሞች እንግዶች ለልምድ ልውውጥ ይመጣሉ ተባለ። አቶ እንዳሻው ላብ በላብ ሆኖ ደገፋ ቤት ከች አለ።

«ለአንድ ቀን ብቻ በእጅህ ክፈትልን። እንግዶቹ ዳገቱን ጎብኝተው ከነዋሪው ጋር አዳራሽ ይሰበሰባሉ።»

«የቋሚነት ደብዳቤዬስ?»

«ከጉብኝቱ በኋላ።»

ደገፋ እምቢ አለ። ደግ አደረገ! ግን ሄደን የለመንነው እኛው ነን። እኔ ሳህሊቱ፣ በዚህ አፌ፣ «ስለ ጌታ ብለህ ክፈትልን፤ አዳራሹ ውስጥ ተነስተን እንመሰክርልሃለን፣ ሥራህን እናስመልስልሃለን» አልኩት። አመነኝና ከፈተ።

በጉብኝቱ ቀን በርሜሎቻችን ጢም ብለው ሞሉ። አዳራሽ ተሰበሰብን። አቶ እንዳሻው ማይኩን ይዞ «ይህ ሁሉ ያለ አንዳች የሰው እጅ!» አለ። ደገፋ ጭቃ በጭቃ እንደሆነ በሩ ጋ ቆሟል። «እስቲ የኅብረተሰቡን አስተያየት» ተባለና ማይኩን ለእኔ አቀበሉኝ። አቶ እንዳሻው ዓይኔን እያየ ፈገግ አለ። ነገ ቧንቧዬ የሚከፈተው በማን ቢሮ ነው? ፈራሁ።

«እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ተመችቶናል» አልኩ።

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሞሚና እንኳ አጨበጨበች።

በሳምንቱ ደገፋ ሂርና የጫት ጭነት ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ነው ሲሉ ሰማሁ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ይቅርታ ልለው ፈልጌ፣ «ቦርሳህን አትርሳ» አልኩት። ሚኒባሱ ሞተሩን አስነስቷል። ደገፋ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ሳህሊቱ፣ ዛሬ ውሃ መጣ?»

«አልመጣም።»

«እንዴት? ተመችቶናል ስትዪ ሰምቼሽ የለም?»