በጎን የሳልኳቸው ሰው

ጣሊያን ከመግባቱ በፊት አንድ የሐረር ጨርቅ ነጋዴ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ታርዶ ተገኘ። ማን እንዳረደው እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኔ ድሬዳዋ ስገባ ነገሩ ሃያ ዓመት አልፎት እንኳ በየሻይ ቤቱ ይወራ ነበር።

የባቡር ፉርጎ ቀለም ቀቢ ነበርኩ። ፉርጎው ላይ ያለውን ፊደል በቅርጹ እያየሁ እገለብጣለሁ እንጂ አንዱንም አላነብም። የተረፈውን ቀለም በጣሳ እየወሰድኩ ቤቴ ኮምፔንሳቶ ላይ እስላለሁ። የምስለውም ገዳዩ ያልታወቀ ግድያ ነው። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ አበባ የሚስል ሞልቷል።

የነጋዴውን ነገር የነገሩኝ ሬሳውን መጀመሪያ ያገኙት ሰው ናቸው። ያኔ ጎልማሳ ግመል ነጂ ነበሩ፤ እኔ ሳውቃቸው መጋላ ገበያ ቴምርና ስኳር የሚሸጡ ሶማሌ ሽማግሌ ሆነዋል። እንደነገሩኝ ሳልኩት። ሟቹን አስተኛሁት፤ እሳቸውን ሬሳው ላይ ጎንበስ ብለው ሲያዩ በጎን ሳልኳቸው፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደግኩ ነኝ፤ ግድግዳው ላይ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ሰይጣንና ይሁዳ በአንድ ዓይን እንደሚሳሉ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ረሳሁት። ሰበብ የለኝም።

ሥዕሉ ሻይ ቤት ተሰቀለ። በማግስቱ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ብርጭቆውን እንደያዘ፣ "አቦ፣ ለካ ገዳዩን ታውቀዋለህ!" አለኝ።

"የቱን ገዳይ?"

"ባለ አንድ ዓይኑን ነዋ! ሽማግሌው አይደሉ እንዴ? አፍንጫቸውን እኮ ቁጭ አድርገኸዋል!"

ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ያን ሳቄን እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን የሟቹ የወንድም ልጅ ከሐረር ወርዶ መጣ። ሻይ አላዘዘም። ሥዕሉ ፊት ብዙ ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

"ማን ነገረህ?"

"ማንም። እሳቸው ሬሳውን ያገኙት ናቸው።"

"ታዲያ ለምን እንደ ይሁዳ ሳልከው?"

ያኔ ፊደል ብቆጥር ኖሮ ከሽማግሌው እግር ሥር "ያገኘው ሰው" ብዬ ጽፌ እገላገል ነበር። ሰውየው መልሴን ሳይጠብቅ ወጣ፤ እኔም ወደ ሽማግሌው ሱቅ ሮጥኩ።

"ወሪያ፣ ሰዓሊ!" አሉኝ እየሳቁ። "ሰው ሁሉ እያየኝ ያልፋል። ምን ብታሳምረኝ ነው?"

ነገርኳቸው።

"ሰው ከጎን ሲታይ ስንት ዓይን አለው?"

"አንድ።"

"ታዲያ!"

"በእኛ ሥዕል እንደዚያ አይደለም፣ አባባ። ባለ አንድ ዓይኑ ክፉው ነው።"

ሳቃቸው ቆመ። "እንግዲያው ሁለተኛውን ጨምርልኝ" አሉ።

ሄጄ ጨመርኩ። ሻይ ጠጪው ከኋላዬ ተደርድሮ ያያል። በጎን ፊት ላይ ሁለት ዓይን ምን ይመስላል? አስቀያሚ ነው። "ሽማግሌው አስፈራሩት" አለ አንዱ። "ኧረ ስኳር ልከውለት ነው" አለ ሌላው። ኮምፔንሳቶውን አውርጄ ሰባበርኩት። ያንንም "ማስረጃ አጠፋ" አሉት።

የወንድም ልጁ ሽማግሌዎች ሰብስቦ "ይማልልኝ" አለ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ስኳር ሻጩ ሽማግሌ ቁርአን ላይ እጃቸውን ጭነው እንዳልገደሉ ማሉ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ። የእርጅና ነው፤ ሱቅ ውስጥ ስኳር ሲመዝኑም ይንቀጠቀጣል። እዚያ የተቀመጡት ግን ሲመዝኑ አይተዋቸው ይሁን አይሁን እንጃ፤ የእያንዳንዳቸውን ፊት ስፈትሽ ነበር። ልጁ መሐላውን ተቀብሎ ትከሻቸውን ሳመ። አለቀ ተባለ።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ቀና ብለውም አላዩኝ።

"ሃያ ዓመት ምስክር ነበርኩ" አሉ። "አሁን ተጠርጥሮ የማለ ሰው ነኝ።"

ከዚያ ወዲያ ማንም ስለ ደቻቱው ሬሳ ሲያነሳባቸው፣ "እኔ ምንም አላየሁም" ይሉ ጀመር። ይህን የሰማ ሁሉ ደግሞ ጎረቤቱን በክርኑ ጎሸም ያደርግ ነበር።