የወፍጮ ቤቱ ብር

ልጅ ሳለሁ፣ ባሕር ማዶ ሮውሌት በምትባል ከተማ በነበረን ቤት አንዷን ክፍል ጋሽ መርዕድ የሚባሉ፣ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭኑ ሽማግሌ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ያኔ ከእራት በኋላ የጠረጴዛውን መብራት ወደ አልበማቸው ጠጋ አድርገው የኦስትሪያ መንደሮችን ብር ያሳዩኛል፤ ድሮ ከጦርነት በኋላ አገሩ ዝርዝር ሳንቲም ሲያጣ፣ ትንንሾቹ መንደሮች ሳይቀሩ ድልድያቸውን ወይም ቤተ ክርስቲያናቸውን የሣሉበት የራሳቸውን የወረቀት ሳንቲም ያሳትሙ ነበር አሉ። በየሥዕሉም ተረት ይነግሩኛል። ከሁሉ የምወደው የወፍጮ ቤቱን ነበር፤ ሰይጣን እህል ሊያስፈጭ ይመጣና ባለወፍጮው እንደማንም ወረፋ ያስጠብቀዋል።

እናቴን ነገሩ አልጣማትም። ነዳጅ ማደያ ገንዘብ ተቀባይ ስለነበረች «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ከአፏ አይጠፋም። «ማለቴ፣ ማንም የማያውቀውን ብር ምን ብለው ይሰበስባሉ? ፌክ ቢሆንስ? ፖሊስ የሚመጣው እኔ ቤት ነው!» ትላለች። እኔም የእሷው ልጅ ነኝና፣ ሰኞ አንካሳ የነበረው ሰይጣን ሐሙስ አንድ ዓይና መሆኑን ልብ ብያለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ መርዕድ ሥራ ሳሉ እናቴ ከማደያው የሐሰት ዶላር የሚለዩበትን እስክሪብቶ ይዛ መጣች። አልበሙን ያመጣሁላት እኔ ነኝ። የወፍጮ ቤቱን ብር ጫር አደረገችው፤ ወዲያው ጠቆረ።

«ይኸው!» አለች።

ጋሽ መርዕድ ሲመለሱ ጭረቱን መብራት ሥር ይዘው ብዙ አዩት።

«ይሄ እስክሪብቶ እኮ የዶላርን ወረቀት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ተራ ወረቀት ሁሉ ያጠቁራል» አሏት።

«ኦኬ ጋሼ፣ እኔ ልጅ አለኝ። ሌላ ሩም ይፈልጉ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም ጠርጥረሽኛል?»

«ተረቱን ለምን ይቀያይሩታል?»

ፈገግ አሉ። «እሱንማ እኔው ነኝ የምፈጥረው። ብሩ ግን የእውነት ነው።»

ያን ሁሉ ማታ ሲዋሹኝ ኖረዋል ብዬ ክፉኛ ተቀየምኳቸው። እናቴ ሻወር ስትገባ እስክሪብቶውን አንስቼ የትምህርት ቤት ደብተሬን ጫር አደረግኩት፤ እሱም ጠቆረ። ያኔ ሮጬ ላሳያት ይገባኝ ነበር። ገጹን ቀድጄ ጣልኩት። በሳምንቱ ጋሽ መርዕድ ዕቃቸውን ጭነው ወደ ፎርት ዎርዝ ሲሄዱ፣ ንጹሕ መሆናቸውን እያወቅኩ በመስኮት አየኋቸው።

ተረቶቹ አንድም አልጠፉብኝም። ለልጆች ስነግራቸው «ከማን ሰማሽው?» ይሉኛል፤ ከአንድ ተከራያችን እላለሁ። ለምን ከቤታችን እንደወጡ ሲጠይቁኝ ግን፣ እኔም እፈጥራለሁ።