«ነግሬያታለሁ» ያሉት ተቆጣጣሪ

የአውሮፕላን ተቆጣጣሪውን በአየር ማረፊያው ማማ ላይ የሠሩ ሁሉ «ይድገሙልኝ» ነው የሚሏቸው። ስሙን ያወጣላቸው ሥራቸው ነው። አንድ አብራሪ የታዘዘውን ከፍታ ሰምቶ መልሶ ሳይናገር ዝም ካለ፣ እሳቸው «ይድገሙልኝ» ሳይሉ አያልፉትም ነበር። ቤታቸውም ያው ነው። ልጆቻቸው ዳቦና ሳሙና እንዲገዙ ሲላኩ፣ ደጃፉ ላይ ቆመው የሚገዛውን አንድ በአንድ ሳይደግሙ አይለቀቁም። ባለቤታቸው «ሳሎኑን ማማ አደረግከው እኮ» እያለች ትስቅባቸው ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመት አውሮፕላን ሲያሳርፉና ሲያስነሱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ በስማቸው አንድም ጥፋት አልተመዘገበም። በሽኝቱ ቀን አለቆቹ ይህንኑ እየመላለሱ ሲያወድሱ፣ እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን ያዩ ነበር። ሰው ትሕትና መሰለው።

ነገሩ የሆነው ከዚያ አሥራ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ቀኑ ካፊያ የበዛበት ነበር፤ ሰዓቱም ከቀኑ ስምንት፣ ፈረቃ የሚቀየርበት። ተረካቢዋ እሳቸው ራሳቸው ያሠለጠኗት ሴት ነበረች። ዐይኗ ንቁ፣ እጇ ፈጣን፣ የቱንም ያህል ቢጨናነቅ ድምጿ የማይሰበር። በማማው ደንብ፣ የሚወጣው ተቆጣጣሪ ለሚገባው ሁሉን ነገር በቃል ያስረክባል፤ ማን እየመጣ እንደሆነ፣ ማን ለመነሳት እንደቆመ፣ ማኮብኮቢያው ላይ ምን እንዳለ። ገቢው ደግሞ የሰማውን መልሶ ይናገራል።

ፈረቃው ሊቀየር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ሁለት የመብራት ሠራተኞች በማኮብኮቢያው ጠርዝ የጠፋ አምፖል ለመቀየር ፈቃድ ጠየቁ። ይድገሙልኝ በመኪናቸው እንዲገቡ ፈቀዱላቸው። እንዲህ ሲሆን ተቆጣጣሪው ሰሌዳው ላይ ቀይ ወረቀት ይሰካል፤ ቀዩ እስካለ ድረስ ማንም አያርፍም፣ ማንም አይነሳም። ወረቀቱን ሊሰኩ ሲሉ ስልክ ጮኸ። ወረቀቱን እንደያዙ ስልኩን አነሱት። ስልኩን ሲዘጉ ደግሞ ታች የሠራተኞቹ ሰርቪስ ክላክሱን ነፋ። ሰርቪሱ ካመለጣቸው በዝናብ ታክሲ ሲጠብቁ መዋላቸው ነው። ስለሚመጡት ሁለት አውሮፕላኖች ነገሯት፣ ስለ ነፋሱ ነገሯት፣ ትከሻዋን መታ አድርገው ደረጃውን እየተንደረደሩ ወረዱ። ያን ቀን ድገሚልኝ አላሏትም።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ለማረፍ ተቃረበ። ሰሌዳው ላይ ቀይ ስላልነበረ ፈቀደችለት። ከዚያ ግን እንደ ልማዷ ቀና ብላ በመስታወቱ ስታይ፣ በካፊያው ውስጥ የመኪና ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ማረፉን ትቶ ሽቅብ እንዲወጣ አዘዘችው። አውሮፕላኑ እያጓራ ወጣ። አምፖል ቀያሪዎቹ መሬት ላይ ተደፍተው ተረፉ፤ አንድም ሰው ጭረት አላገኘውም።

ይድገሙልኝ በዚያ ሰዓት ሰርቪሱ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጠዋል። መሐረብ ፍለጋ ኪሳቸው ሲገቡ እጃቸው ወረቀት ነካ። አወጡት፤ ቀዩ ነው። ክው አሉ። ሹፌሩን አቁም ሊሉት ቃጣቸው፤ ግን ‹ቀና ብላ ታየዋለች› ብለው ራሳቸውን አባበሉ። የሆነውን ማታ በስልክ ሲሰሙ ወረቀቱን ቀዳደው ጣሉት። በዚያ ሰሞን ለፈረቃ አለቃነት ታጭተው ነበር።

መርማሪዎቹ ሦስት ነበሩ። ሁለቱንም ተቆጣጣሪዎች ባንድ ጠረጴዛ አስቀመጧቸው። የሬዲዮው ንግግር ሁሉ ተቀድቷል፤ በርክክቡ ወቅት የተባለው ግን አልተቀዳም፤ ቀዩ ወረቀትም የትም ስላልተገኘ ተሰክቶ ይሁን አይሁን የሚያውቅ አልነበረም። «መኪናው መኖሩን ነግረዋት ነበር?» ተባሉ።

«ነግሬያታለሁ» አሉ።

ሴትዮዋ ዘወር ብላ አየቻቸው። በንዴት አልነበረም፤ የጠፋባትን ነገር የምትፈልግ ነበር የምትመስለው። ከዚያ ወደ መርማሪዎቹ ዞራ፣ «እኔ አላስታውስም። ግን እሳቸው ነገርኩ ካሉ፣ ነግረውኛል ማለት ነው» አለች።

የተቆጣጣሪነት ፈቃዷን ነጠቋት። መዝገብ ቤት አስቀመጧት፤ ዓመት ሳይሞላት ሥራውን ለቀቀች። እሳቸው አለቃ ሆኑ።

ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ወር፣ እንቅልፍ እንቢ ሲላቸው ለባለቤታቸው ተናዘዙ። እሷም «ለእኔ መንገርህ ምን ያደርግላታል?» አለቻቸው።  በማግስቱ ጠዋት ሸሚዛቸውን ተኩሳ አልጋው ላይ አስቀመጠችላቸው።

ሴትዮዋን ያገኟት በአንድ ጠባብ የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ፀጉሯ ሸብቷል። አንድ ደንበኛ ስንት ቅጂ እንደሚፈልግ ነገራት፤ ቁጥሩን ጽፋ አሳየችውና አንገቱን እስኪነቀንቅ ጠበቀች። ይድገሙልኝ ደንበኛው እስኪወጣ ቆሙ። ከዚያ ድፍረቱ እንዳይጠፋባቸው ፈርተው ባንድ ትንፋሽ ነገሯት፤ ቀዩን ወረቀት፣ ሰርቪሱን፣ መቅደዳቸውን።

ማሽኑን አጠፋችው። «ሁለት ጊዜ ጆሮዬን ተመርምሬያለሁ» አለች። «ሐኪሙ ደህና ነሽ አለኝ። እሱን ሳላምን እርስዎን አመንኩ። ልጄ ስታለቅስ እንኳ እውነት ሰምቼ ነው ወይ እያልኩ ነው ያሳደግኳት፣ ጋሼ።»

ይቅርታ ሊጠይቁ ጀመሩ። እሷ ግን አልጠበቀችም። ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋ አደረገችላቸውና ያሉትን ሁሉ እንዲጽፉ ነገረቻቸው። ቆመው ጻፉ፤ ፈረሙ። ሦስት ቅጂ አነሳችላቸው።

የአየር ማረፊያው ቢሮ ጽሑፉን መጀመሪያ አልቀበል አለ። አዲሱ ኃላፊ፣ እሱም የእሳቸው ሠልጣኝ የነበረ፣ ፋይሉ የተዘጋ ነው፣ ጋሼ ስምዎን ለምን ያቆሽሻሉ ብሎ ለመናቸው። እሳቸው ግን ጽሑፌ ላይ ማኅተም ካልተመታበት አልነሳም ብለው ወንበሩ ላይ ዋሉ። ከአምስት ወር በኋላ ጥፋቱ የእሷ እንዳልነበር የሚገልጽ አንድ ገጽ ደብዳቤ ወጣ። ማማው ላይ ለመመለስ ግን ዕድሜዋ አልፏል።

ደብዳቤውን ራሳቸው ወሰዱላት። ቆማ አነበበችው። «አባቴ ይህን ቢያይልኝ ኖሮ» አለች፤ አባቷ ካረፉ ስድስት ዓመታቸው ነው። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ ቀስ ብላ፣ «ከእንግዲህ አይምጡ። ቂም ይዤ አይደለም። እርስዎ ሲመጡ ያ ቀን አብሮዎት ይመጣል» አለቻቸው።

እሺ አሉ። ወንድማቸው የሚኖረው ከፎቶ ኮፒ ቤቱ አለፍ ብሎ ነው፤ እሱን ሊጠይቁ ሲሄዱ ዛሬም በገበያው ዞረው፣ ሃያ ደቂቃ አብልጠው ይጓዛሉ። ወንድማቸው ለምን ዘገየህ ሲላቸው ጉልበቴን አሞኝ ነው ይሉታል።